«በግማሽ ቀን» ያላችሁት ኪችን ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ «ያረጀ የኪችን ካቢኔት በግማሽ ቀን አዲስ ይሆናል» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። ስቆርጠው ወድጄው ነበር። አሁን ግን ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ከጽሑፉ በልጧል፤ ስለዚህ ብታወጡትም ባታወጡትም ልጽፍላችሁ ተነሳሁ። ተለጣፊውን ፕላስቲክ፣ ብዙዎቻችን ስቲከር የምንለውን፣ በገዛ እጄ 11 የካቢኔት በርና 6 መሳቢያ ላይ ለጥፌያለሁ። 12ኛው በር ለምን እንደቀረ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። ሥራው በግማሽ ቀን አላለቀም። ሦስት ቅዳሜና ሦስት እሁድ ሄዶበታል፤ ከዚያ ውስጥ መለጠፉ ራሱ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ጽሑፋችሁ ሥራውን ከመሃሉ ጀመረው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የጀርባውን ወረቀት ላጡ፣ ለጥፉ፤ አለቀ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ በሩ ካቢኔቱ ላይ እንደተሰቀለ፣ እጀታውም እንዳለ፣ አንዲት ንጹሕ እጅ ስቲከሩን ከላይ ወደ ታች ታለብሰዋለች። ያቺ እጅ የማን እንደሆነች ባውቅ አንድ ጥያቄ እጠይቃት ነበር፦ እጀታው ጋ ስትደርሺ ምን አደረግሽ?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪና ፊት ከተቀመጥኩ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጨርቅ ሳይተኮስ፣ ሳይለካ፣ የስፌት ትርፉ ሳይታሰብ መቀስ እንደማይነሳ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ስናገር ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ግን የጋዜጣ ሥዕል አምኜ ምላጭ አነሳሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ አላላክክም። ግማሹ የራሴ ነው።

የጀመርኩት ከምድጃው በስተግራ ባሉት ሁለት በሮች ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያስጠሉኝ እነሱ ነበሩ። እንዳላችሁት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፣ እጀታውን ብቻ ፈታሁ፣ በሮቹን ሳላወርድ እንደተሰቀሉ ለጠፍኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ማታ ሦስት ጊዜ ከአልጋዬ ተነስቼ መብራት አብርቼ አይቻቸዋለሁ። የእንጨት መልክ ያለው፣ ደብዘዝ ያለ፣ ደስ የሚል ነገር። በ9ኛው ቀን ጠዋት ግን የታችኛው ጥግ እንደ ውሻ ጆሮ ተቀልብሶ አገኘሁት። በአውራ ጣቴ መልሼ ተጫንኩት፤ ያዘ። ማታ ስመለስ እንደገና ተነስቷል።

ያን ጊዜ ይዤ ሳብኩት። ከራስ ላይ እንደሚወርድ ሻሽ ያለ ምንም ትግል መጣ። ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። ሙጫ የተቀባው ፊት ጥርት ያለ መሆን ሲገባው ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል፤ ቢጫ፣ በየቦታው የጨርቅ ክር የተጣበቀበት፣ እጀታው አካባቢ ደግሞ የጣቶች ዱካ ሳይቀር በቅባት የታተመበት። በሩን አየሁት። ስቲከሩ የነበረበት ቦታ ከቀረው ይልቅ ነጣ ብሏል። ሙጫው በሩን አልያዘም፤ የያዘው በሩ ላይ የነበረውን የዓመታት የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲለቅ ስቲከሩም አብሮ ለቀቀ። እኔ በእርጥቡ ጨርቅ ቅባቱን አላነሳሁትም ነበር፤ አዳርሼዋለሁ።

ስለዚህ ዓምዳችሁ በአንድ ግስ ስላለፈው ማጽዳት ትንሽ ልዘርዝር፤ ሦስቱ ቅዳሜዎች ያለቁት እሱ ላይ ስለሆነ።

መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውኃ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ሳይሆን አምስት ደቂቃ ያህል ሳሙናው ቅባቱን እስኪፈታው መጠበቅ ነው። የበሩ ፊት በቀላሉ ይጸዳል። የሚያስቸግረው የላይኛው ጠርዝና ከእጀታው ሥር ያለው ነው። ላይኛውን ጠርዝ ማንም አያየውም፤ እንፋሎትና ዘይት ግን እዚያ ያርፋል፣ አቧራ ይቀመጥበታል፣ በጊዜ ብዛት እንደ ሰም ይጋገራል። እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው ያነሳሁት። የመጀመሪያው ሳፋ ውኃ ጠቆረ፣ ሁለተኛው ግራጫ ሆነ፣ ሦስተኛው ላይ ነው ወደ ውኃ መምሰል የተጠጋው። ከዚያ ሳሙናው ራሱ በንጹሕ ውኃ መነሳት አለበት፤ የሳሙና ሽፋንም እንደ ዘይቱ ሙጫን ይከለክላል። በመጨረሻ በሩ ከደረቀ በኋላ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ። መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃው ጠፍቶ፤ አልኮል እሳት ይወዳል። ቀለም የተቀባ በር ከሆነም አልኮሉ ቀለሙን እንዳያነሳው አስቀድሞ ከጀርባ መሞከር ነው።

ንጹሕ መሆኑን እንዴት አወቅሽ የሚለኝ ቢኖር፣ ጣቴ ነገረችኝ። ቅባት ባለበት ጣት ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ ንጹሕ ሲሆን ትይዛለች፣ ትንጫጫለች። የበለጠ ማረጋገጫ የሚፈልግ ተራ ፕላስተር ለጥፎ፣ ጫን አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ ይንቀለው። ዝም ብሎ ከለቀቀ ቅባቱ አልወጣም። ቀለም ይዞ ከተነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ የበሩ ቀለም ራሱ እየለቀቀ ነው ማለት ነውና ቀለሙ ሳይፋቅ ስቲከር መለጠፍ ድካም ብቻ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅሁ። እኔ በሮቹን በየጊዜው የዕቃ ማብረቂያ ፈሳሽ ስቀባቸው ኖሬያለሁ። ከእነዚህ ማብረቂያዎች ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። አሁን የስቲከሩን የጀርባ ወረቀት ተመልከቱ፤ ያ ወረቀት እንደዚያ በቀላሉ የሚላጠው ለምን ይመስላችኋል? ሲሊኮን ስለተቀባ ነው። ሙጫ እንዳይዘው ሆን ተብሎ የሚቀባው እሱ ነው። እንግዲህ እኔ በገንዘቤ እየገዛሁ በሮቼን ወደ ጀርባ ወረቀት ስለውጣቸው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በሮቹን ማውረድ ነው። ስቲከር የሚለጠፈው ጠረጴዛ ላይ በተኛ በር እንጂ በቆመ በር ላይ አይደለም። ካቻቢቴ ይዞ አንድ በር ማውረድ ሦስት ደቂቃም አይፈጅም። በጀርባው 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠውን የማጠፊያ ዓይነት የምታውቁት ከሆነ፣ አንዳንዱ ያለ ካቻቢቴም በጣት ተጭኖ ይለቃል። ዋናው ነገር በሩን ከነቦታው ማስታወስ ነው። አብራኝ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፤ እያንዳንዱን በር ከጀርባው በማጠፊያው ጉድጓድ ውስጥ በእርሳስ ቁጥር ጻፈችበት፣ ያንኑ ቁጥር ካቢኔቱ ውስጥ ደገመችው፣ ብሎኖቹንም በየከረጢቱ አሰረች። «አክስቴ፣ ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ናቸው» ብላኝ ነበር። አይደሉም። አንድ ዓይነት የሚመስሉት በሮች ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ይለያያሉ፤ ማጠፊያዎቹም በየቦታቸው ተስተካክለው የኖሩ ናቸው። በር ሲቀያየር ክፍተቱ ይዛባል፤ ያን ማስተካከል ከመለጠፉ ይብሳል።

ወደ ልኩ ልምጣ፤ ያፈርኩበትም እዚህ ላይ ነው። በሬ 40 ሴንቲሜትር ወርድ፣ 70 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። ስቲከሩ በ45 ሴንቲሜትር ወርድ ይሸጣል። 40 ከ45 ያንሳል፤ ይበቃል ብዬ ገዛሁ። የእንጨቱን ውፍረት ግን ረሳሁት! በሩ 1.8 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው፤ ግራና ቀኝ ሲደመር 3.6 ነው። 43.6 ሆነ። ወደ ጀርባ የሚታጠፍ ትርፍ በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ብንል 47.6 ይመጣል። እኔ ለጀርባ የቀረኝ በየጎኑ 7 ሚሊሜትር ነበር፤ ትንሽ ጠመም ካለ ደግሞ በአንዱ በኩል ምንም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በሮች ስቲከሩን ጠርዙ ላይ ቆረጥኩት። ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ስቲከር ደግሞ በር በተከፈተ ቁጥር የጣት ጥፍር የሚያገኘው ቦታ ነው። የስፌት ትርፍ ረስቶ የቆረጠ ልጅ እኔ ዘንድ ምን ይባል እንደነበር አብረውኝ የሠሩ ያውቃሉ፤ እዚህ አልጽፈውም።

በዚያው ስቲከር የመደርደሪያዎቹን ወለል አለበስኩበት፤ አልባከነም። ለበሮቹ 67.5 ሴንቲሜትር ወርድ ያለውን ገዛሁ፤ 90 ሴንቲሜትርም አለ። ከዚህ የመጣልኝን ትርፍ ስሙ። ከ67.5 ላይ ለበሩ 47.6 ሲነሳ 19.9 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ይቀራል። የመሳቢያዎቼ ፊት ከፍታው 15 ነው፤ ከነውፍረቱ 18.6። በቁራጩ ልክ ተሸፈነ፣ ከጀርባም ለጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ተረፈው። ለስድስቱም መሳቢያ ሌላ አልገዛሁም። የእንጨቱ መስመር ግን በሮቹ ላይ ቁልቁል፣ መሳቢያዎቹ ላይ አግድም ሆነ። ጨርቅ ቢሆን እንዲህ አላደርገውም፤ የጨርቅ አቅጣጫ ሲለያይ ብርሃን ያጋልጠዋል። እዚህ ግን ያየው ሁሉ አስቤ ያደረግኩት መሰለው። እኔም አስቤ ነው እላለሁ።

ከጎረቤቴ ጋር የተነጋገርነውንም ልንገራችሁ፤ ከጽሑፋችሁ አንድ አደገኛ ምክር የተረዳሁት በእሳቸው ነውና። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። በሮቹን ደጅ ደርድሬ ሳጥብ አይተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ እንጨት እኮ ቀሚስ አይደለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲያልቅ ይዩልኝ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው የአንዱን በር የታችኛውን ጠርዝ በጥፍራቸው ቧጠጥ አደረጉ። እዚያ ጋ ሽፋኑ ተልጦ ቺፑዱ፣ ያ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ይታያል። «ይኼን ውኃ ካስነካሽው እንደ ዳቦ ያብጥልሻል። አብጦ ደግሞ አይመለስም» አሉ። እናንተ ደግሞ «አረፋ እንዳይፈጠር በሩን በሳሙና ውኃ ረጭተው ይለጥፉ» ብላችሁ ጽፋችኋል። የሳሙና ውኃው ውሸት አይደለም፤ ስቲከሩ እንዲንሸራተትና ቦታው እንዲስተካከል ይረዳል፣ መስታወት ላይ የሚለጥፉም ያደርጉታል። ግን የሚሠራው ውኃ በማያስገባ ገጽ ላይ ነው። የተላጠ ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባለው ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ ውኃውን ይጠጡታል። ሙጫው ላይ አየር የሚወጣባቸው ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ስቲከር ከሆነ ደግሞ ውኃው ቦዮቹ ውስጥ ይቀራል። እኔ ሁሉንም በደረቁ ነው የለጠፍኩት። የተላጡትን ጠርዞች ግን ጋሼ እንዳሉኝ በስቱኮ ሞላሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ሙጫውን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው ቫርኒሽ ቀባሁት፣ አንድ ቀን ሙሉ አስቀመጥኩት። ስቲከሩ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። የቀረች የአሸዋ ቅንጣት ፊት ላይ እንደወጣ ብጉር ትታያለች፤ በሚያብረቀርቀው ዓይነት ላይማ ይብሳል። እኔ ደብዛዛውን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

መለጠፉስ? መለጠፉ ይጣፍጣል። በሩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ስቲከሩ በላዩ ከነወረቀቱ ተዘርግቶ፣ ትርፉ በአራቱም በኩል እኩል መሆኑ ታይቶ ተስተካክሏል። ከወረቀቱ ከላይ በኩል 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይላጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የላጠ ሰው ሁለት እጅ አይበቃውም፤ ስቲከሩ በራሱ ላይ ታጥፎ ይጣበቅና መላቀቅ የለም። የተላጠችዋን ጫፍ መሃሏን ብቻ አስይዤ፣ ከመሃል ወደ ግራ፣ ከመሃል ወደ ቀኝ ገፋሁ። መግፊያዬ ጊዜው ያለፈበት የፕላስቲክ ካርድ ነው፤ ስቲከሩን እንዳይጭረው በለስላሳ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከዚያ ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ወረቀቱን ከሥር ቀስ እያለች ትስባለች፣ እኔ ከኋላው እየገፋሁ እከተላለሁ። ወረቀቱ ላይ የታተሙት የሴንቲሜትር መስመሮች አንድ በአንድ ከበሩ ጫፍ ሲያልፉ እየቆጠረች፦ «አርባ... አርባ አንድ... አክስቴ ቀስ በይ... አርባ ሁለት...» ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። 70 ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አየር የቋጠረ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ጠርዝ መግፋት ነው። እምቢ ካለ፣ ምላጭ እንዳታነሱ። ምላጭ ስንጥቅ ይተዋል፤ ስንጥቅ ደግሞ ይከፈታል። በቀጭን የስፌት መርፌ ከአረፋው ጎን ወጋ አድርጎ አየሩን በጣት መግፋት ይበቃል። የመርፌዋ ቀዳዳ የት እንደነበረች ማታ ብፈልጋት ራሴም አላገኘኋትም። ምላጩን ስናነሳም፣ ጫፉ እየተሰበረ የሚታደሰው ዓይነት ከሆነ ሳትሳሱ ስበሩት። የዶለዶመ ምላጭ ፕላስቲኩን አይቆርጥም፣ ይጎትተዋል፤ የተጎተተ ጠርዝ ደግሞ ሸካራ ሆኖ ይቀራል።

ጥጉ ላይ ስደርስ ግን እጄ ሥራውን ያወቀው መሰለኝ። የጠረጴዛ ልብስ ጥግ ስንሰፋ እንደምናደርገው ነው። የጥጉን ትርፍ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ እቆርጣለሁ፤ ግን እስከ በሩ ጫፍ ድረስ አልጠጋም። እስከ ጫፉ የተቆረጠ ጥግ ሲታጠፍ እንጨቱን ያሳያል፤ አብዝቶ የተወ ደግሞ ጥጉ ላይ ይቆለላል። የእንጨቱን ውፍረትና ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ጨምሬ እተዋለሁ። መጀመሪያ የላይኛውና የታችኛው ይታጠፋሉ፤ ጥጉ ላይ የምትተርፈዋ ትንሽ ምላስ በጎኑ ላይ ትተኛለች፤ ከዚያ የጎኑ መጥቶ ይሸፍናታል። የተደራረበው ከጎን ነው፣ ከፊት አይታይም። የስፌት ደንብም ይኸው ነው፤ መጋጠሚያ ዓይን ወደማይሄድበት ይሄዳል።

ለማጠፉ ስቲከሩ ሞቅ ማለት አለበት። የፀጉር ማድረቂያ ከ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ እያንቀሳቀሱ ግትርነቱ እስኪለቀው ማሞቅ በቂ ነው። ሲሞቅ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ፈተናውም ያኔ ነው፣ ይሳባልና። አትሳቡት። ላስቲክ ወጥረን ከጨርቅ ጋር ስንሰፋው፣ ስንለቀው ጨርቁን እንዴት እንደሚሸበሽበው እናውቃለን። ይሄም ያው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ተዳምጦ ከመቅጠኑ በፊት የነበረውን ቅርጽ አይረሳም፤ የተወጠረ ጫፍ በሳምንታት ውስጥ ወደ ራሱ ይሰበሰብና አንድ ሚሊሜትር ቢጫ እንጨት ያሳያል። ታጥፎ ካለቀ በኋላ ሳይስቡ ጠርዙን ዳግመኛ አሙቆ በጨርቅ ጫን ማለት፣ ከዚያ መተው ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ ስቲከሩን «አዲስ ግኝት» ያለውን ላርም። የእህቴ ልጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ሲስቅብኝ ነው ያወቅኩት። ይህ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ እንደ ጨርቅ እንዲተጣጠፍ ያደረገው በአሜሪካ ዋልዶ ሲሞን የተባለ ተመራማሪ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1926 ነው፤ ማለስለሻ ፈሳሽ ቀላቅሎበት። ከጀርባው እየተላጠ በግፊት ብቻ የሚለጠፈውን መለያ ወረቀት ደግሞ ስታንተን ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ አቀረበው። ሁለቱ ከተጋቡ ቆይተዋል። ይህን የማነሳው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ያ ማለስለሻ ሙቀት ሲደጋገምበት በጊዜ ብዛት እየወጣ ይሄዳል፤ ሲወጣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይጠባል። ፕላስቲኩ ራሱ ደግሞ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል።

12ኛው በር የቀረው በዚህ ነው። ከምድጃው ጎን ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆመው እሱ ነው፤ ያ በ9ኛው ቀን ጆሮው የተነሳው። አጽድቼ፣ በትክክል ለክቼ፣ ትርፉን ወደ ጀርባ አጥፌ ዳግመኛ ለጠፍኩት። ሌሎቹ 11 እንደተለጠፉ ሲቀመጡ፣ የሱ የምድጃ በኩል ጠርዝ በወሩ ተሸበሸበ። ቅባት አልነበረውም፤ እጄም አልተሳሳተም። ምድጃው ሲበራ እጄን በበሩና በምድጃው መካከል አስገብቼ ሳየው አምስት ሰከንድ አላስቆየኝም። ላጥኩት፤ በማድረቂያው አሙቄ፣ ወደ ራሱ ቀልብሼ ቀስ ብዬ ስስበው ሳይቀደድ መጣ፤ የቀረውን ሙጫ በአልኮል አነሳሁት። አሁን በሩ በድሮ ቀለሙ ቆሟል። ጋሼ ሲያዩት «ይኼ ነው ልክ» አሉ፤ ስለ ሌሎቹ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ የአንዱን ጥግ በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ሲዳብሱ ብቻ አይቻቸዋለሁ።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያን ጽሑፍ ደግማችሁ የምታወጡ ከሆነ «ግማሽ ቀን» የሚለውን አንሱት። በሮቹ ወርደው ጠረጴዛ ላይ የተኙበት ሥዕል አድርጉበት። ከምድጃ ጎን ላለው በር አይሆንም በሉ፤ ከላይኛው ካቢኔት በታች የሚፈላ ድስት ካለም እንፋሎቱ የበሩን የታች ጠርዝ እንደሚያነሳው ጻፉ። ክፍሉ በጣም ሲቀዘቅዝ ሙጫው እንደማይይዝ፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው እንደሚሠራ፣ ከተለጠፈም በኋላ ሙጫው ገጹ ውስጥ ገብቶ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ቀን በሩ እንዳይታጠብ ተናገሩ። ይህን ሁሉ የስቲከሩ አምራች ጀርባው ላይ አትሞታል፤ በስድስት ቋንቋ፣ በጉንዳን ፊደል፣ አንዱም የእኔ ቋንቋ ባልሆነበት። ጋዜጣችሁ የሚያስፈልገኝ በትክክል እዚያ ጋ ነበር።

እኔ ለጠፋብኝ ስቲከር ካሣ አልጠይቅም። መደርደሪያዎቼ ለብሰውበታል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ልብስ ሰፊ

ከፊርማ በኋላ፦ በሮቹ ሁሉ ተሰቅለዋል፣ በደንብ ይከፈታሉ፣ በደንብ ይዘጋሉ። ይሁንና ያ ሁሉ ቁጥርና ያ ሁሉ ከረጢት እያለ አንዲት ብሎን ተርፋለች። ልጅቷ የእኔ ስህተት አይደለም ትላለች። መስኮቱ ላይ አስቀምጬያታለሁ፤ የየትኛው በር እንደሆነች እስካሁን አላወቅንም።